ከጎጆ ጉልላት እስከ ገንፎ ድስት፦ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሣሮችና ለይቶ የሚያውቃቸው ሰው

በኅዳር አጋማሽ ከአሶሳ ተነሥቶ በሆሞሻ በኩል ወደ ኩርሙክ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ሣር አጅቦት ይጓዛል። ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ የከረመው ሜዳ አሁን ከፊሉ ቀልቶ፣ ከፊሉ ወርቅ መስሎ ቆሟል። ቁመቱ ከሰው ስለሚበልጥ በውስጡ የሚሄድ እግረኛ አይታይም፤ መኖሩ የሚታወቀው የሣሩ ጫፍ ሲወዛወዝና ደረቁ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ነው። ዝናቡ ከቆመ ሳምንታት አልፈዋል። ማሽላው ሊደርስ ተቃርቧል፤ እሳቱም ሊመጣ ነው። ከዚያ በፊት ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ የዓመቱ የክዳን ሣር መታጨድ አለበት።

ማጭድ ይዘው ወደ ሣሩ የሚገቡ ሰዎች ከዳር ያገኙትን ሁሉ እየቆረጡ አይሄዱም። ቀጥ ብሎ የቆመውን መርጠው የወደቀውንና የተጣመመውን ያልፋሉ። አገዳውን በጣት ያሻሉ፤ አንጓው ላይ አጎንብሰው ይሰብሩታል፤ ዘለላውን ገልብጠው ያያሉ። ለአዲስ ዓይን ሜዳው ሁሉ አንድ ሣር ነው። ለእነርሱ ግን እዚህ ለክዳን የሚሆን አለ፤ እዚያ ለማሰሪያ የሚገመድ አለ፤ ወዲያ ለመጥረጊያ የሚታሰር አለ፤ ከጅረቱ ዳር ደግሞ ለከብት የሚታጨድ አለ። ለምንም የማይፈለገው ለእሳት ይተዋል።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ዓባይ መሐሉን ሰንጥቆት የሚያልፍ፣ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ከሌሎች ወገኖቻቸው ጋር የሚኖሩበት ክልል ነው። በገጠሩ ጣሪያው፣ አጥሩ፣ አልጋው፣ የንብ ቀፎው፣ ጎተራውና በጎተራው ያለው እህል በብዛት የሚገኘው ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ፣ ከሣር ቤተሰብ ነው። ይሁንና ይህ መሬት በልማት ዕቅድና በኢንቨስትመንት ወረቀት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲጠራ የኖረው «ያልተያዘ»፣ «ጥቅም ላይ ያልዋለ» እየተባለ ነው። ሣርን ከሣር መለየት የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጉዳይ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መሬቱ ባዶ የሚመስለው በላዩ የበቀለውን ለማያውቅ ሰው ነው።

አገዳውን በጣት ማሸት

ሣርን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአበባው በፊት አገዳውን ቢይዝ ይበጀዋል። የእውነተኛ ሣር አገዳ ክብ ነው፤ በየርቀቱም ጠንካራ አንጓ አለው። በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ክፍል በብዙዎቹ ክፍት ሲሆን በአንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በማሽላ፣ ድፍን ነው። ቅጠሎቹ በአገዳው ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይወጣሉ። የቅጠሉ የታችኛው ክፍል አገዳውን በሰገባ ይጠቀልለዋል፤ ሰገባው በአብዛኞቹ ሣሮች አንድ ጎኑ ክፍት ስለሆነ በጥፍር ይገለጣል። ቅጠሉ ከሰገባው ተላቆ ወደ ውጭ በሚዘረጋበት መገጣጠሚያ፣ በውስጥ በኩል፣ ስስ ሽፋን ወይም የአጫጭር ጠጉር ረድፍ አለ። ገና ያላበበን ሣር ለመለየት ይህች ትንሽ ቦታ ትልቅ ምስክር ናት።

ቄጤማ በዚህ ፈተና ይወድቃል። በበዓል ቀንና በቡና ሥነ ሥርዓት ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘው፣ በቀዳም ሥዑር ምእመናን በራሳቸው ላይ የሚያስሩት ለምለም ቄጤማ በዕፅዋት ሳይንስ ሣር አይደለም። አገዳው በጣት መካከል ሲሽከረከር ሦስት ማዕዘን እንዳለው ይታወቃል፤ ውስጡ ድፍን ነው፤ እንደ ሣር ያበጠ አንጓም የለውም፤ ቅጠሎቹም በሦስት ረድፍ ይወጣሉ። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የዚሁ የቄጤማ ቤተሰብ ነው። በአንጻሩ ብዙ ሰው ዛፍ አድርጎ የሚቆጥረው ሽመል አንጓው፣ ሰገባውና አበባው ሲታይ ፍጹም ሣር ነው። በዓይን መልክ ብቻ የሚፈርድ ሰው ቄጤማን ሣር፣ ሽመልን ዛፍ ይላል፤ በእጁ የሚዳስስ ግን አይሳሳትም።

ከአገዳው ቀጥሎ ዘለላው ይታያል። እንደ ሰርዶ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ጣቶች የሚዘረጉ ዘለላዎች አሉ። እንደ ጤፍና እንደ ዱር ዘመዶቹ የተበተኑና የሚንዘረፈፉ አሉ። እንደ ዝሆን ሣር ወጥ ሆነው ጭራ የሚመስሉም አሉ። ከዚያ ወደ እያንዳንዷ ቅንጣት ይወረዳል፦ ጠጉር አላት ወይስ ለስላሳ ናት? ከጫፏ እንደ ገብስ ረጅም ጢም ይወጣል ወይስ አይወጣም? ጢሙ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ተጠማዞ የታጠፈ? ስትበስል ብቻዋን ትረግፋለች ወይስ ከጓደኛዋ ጋር? ባለሙያው አጉሊ መነጽር ይዞ የሚያየው ይህንን ነው። የክዳን ሣር አጫጁም በልምድ የሚያየው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

በዓለም ላይ 12,000 ገደማ የሣር ዝርያዎች ይታወቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ በኢትዮጵያና በኤርትራ የተመዘገቡት 600 ያህል ናቸው። ይህን መዝገብ የያዘው ‹የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት› የተሰኘው ታላቅ ሥራ ነው። ሥራው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ማዕከልነት እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቋል። በመጀመሪያ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ከዚያም በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ተመርቷል። 7ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የሣር ነው፤ የጻፈችውም ሲልቪያ ፊሊፕስ ስትሆን የታተመው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። መጽሐፉን ለሚከፍት የአሶሳ ልጅ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅመዋል፦ ሥራው የተጀመረው በቀድሞው የክፍለ ሀገር አከፋፈል ስለሆነ የአሶሳ ሣሮች የሚገኙት «ወለጋ» በሚለው ምልክት ሥር፣ የመተከል ዞን ሣሮች ደግሞ «ጎጃም» በሚለው ሥር ነው። የክልሉን ስም ፈልጎ ያጣ አንባቢ ሀገሩ የተረሳች መስሎት መጽሐፉን መዝጋት የለበትም።

ሰንበሌጥ፦ ጣሪያ የሚሆን ሣር

ከሁሉም በላይ የሜዳውን መልክ የሚወስኑት በአማርኛ ሰንበሌጥ የሚባሉት ረጃጅም ሣሮች ናቸው። ሳይንስ ብዙዎቹን ሃይፓሬኒያ በሚባል ወገን ሥር ያስቀምጣቸዋል። የሃይፓሬኒያ መታወቂያ ዘለላው ነው፦ ከአንዲት ቀይ ዳማ ቅጠል መሰል ሽፋን ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የሚወጡ ጥንድ ዘለላዎች አሉት፤ ከቅንጣቶቹም ቡናማ፣ የተጠማዘዙ ረጃጅም ጢሞች ይወጣሉ። ሜዳውን በኅዳር የሚያቀላው ይህ ነው።

ጢሙ ለጌጥ የተሰጠ አይደለም። እርጥበት ሲያገኝ ይፈታል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይጠማዘዛል። ከጤዛ ጋር በዚህ መፈታትና መጠምዘዝ የወደቀችውን ዘር እያዞረ በአፈር ስንጥቅ ውስጥ ይሰካታል። እሳቱ ሲያልፍ ዘሯ ከመሬት በታች ስለሆነች ትተርፋለች። በዚህ ወቅት በሣሩ መካከል ያለፈ ሰው ልብሱ ላይ ተሰክተው የሚያገኛቸው እሾህ መሰል ቅንጣቶች እነዚሁ ናቸው፤ ጨርቁንም እንደ አፈር ቆጥረው ሊበሱት ይሞክራሉ።

የክዳን ሣር የሚታጨድበት ጊዜ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሣሩ ገና እርጥብ እያለ ከታጨደ ውስጡ ስኳርና ውኃ ስላለው ይሻግታል፤ ምስጥም ቶሎ ይደፍረዋል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ይሰባበራል፤ ወይም እሳት ይቀድማል። ስለዚህ የሚታጨደው ዘሩን አራግፎ፣ አገዳው ደርቆ፣ ነገር ግን ጥንካሬው ሳይለቅ ነው። ከታጨደ በኋላ በእጅ ወይም በእንጨት መንሽ እየተበጠረ የተላቀቀ ቅጠሉ ይወገድለታል፤ ምክንያቱም ውኃ የሚይዘውና የሚበሰብሰው ቅጠሉ ነው፤ ውኃ የሚያንሸራትተው አገዳው ነው። ከዚያም በነዶ እየታሰረ ወደ መንደር ይጓጓዛል። የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ በሚያጋድሙት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሸክምን አመጣጥነው መሸከማቸው ከሩቅ የሚለያቸው ጥበብ ነው፤ ውኃውም፣ እህሉም፣ ማገዶውም በዚያው ዘንግ ይሄዳል።

ክዳኑ የሚጀምረው ከታች፣ ከጣሪያው ጠርዝ ነው። በወራጁ ላይ በክብ በታሰሩት ማገሮች ላይ የመጀመሪያው ረድፍ ይደረደራል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ግማሽ ሸፍኖ ይቀመጣል፤ እንዲህ እየተደራረበ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። ጣሪያው ሹል መሆኑ ለውበት ብቻ አይደለም። በአሶሳ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናቡ አያርፍም፤ ጣሪያው ለጥ ያለ ቢሆን ውኃው ወደ ሣሩ ውስጥ ሰርጎ ይገባ ነበር። ሹል ሲሆን ጠብታው ከአገዳ ወደ አገዳ እየተቀባበለ የላይኛውን ጥቂት ሽፋን ብቻ አርሶ ወደ ጠርዙ ይወርዳል። በቤቱ ውስጥ የሚነድ እሳት ጭስም የራሱ ሥራ አለው፦ ጣሪያውን ከውስጥ ያደርቀዋል፤ ነፍሳትንም ያርቃል። ሰው የማይኖርበት ጎጆ ቶሎ የሚያረጀው አንዱ ምክንያት ጭስ ስለሚያጣ ነው።

ይኸው ሣር ከአፍሪካ ወጥቶ ዓለምን ዞሯል። ሃይፓሬኒያ ሩፋ የተባለው ዝርያ ወደ አሜሪካ አህጉር ተወስዶ በብራዚል «ጃራጉዋ» በሚል ስም የታወቀ የግጦሽ ሣር ሆኗል። በብዙ ቦታም ከቁጥጥር ወጥቶ የሀገሬውን ዕፅዋት የሚገፋ ወራሪ ተብሎ ተመዝግቧል። እዚህ በትውልድ ሀገሩ በሰው ማጭድ፣ በከብት አፍና በየዓመቱ እሳት ልክ ተበጅቶለት የሚኖረው ሣር እዚያ ልኩን የሚያውቅ ሰው አጥቷል። ይህም አንድ ሣር ጠቃሚ ወይም ጎጂ የሚሆነው በራሱ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል፤ የሚያውቁት ሰዎች በአጠገቡ መኖር አለመኖራቸውም ይወስነዋል።

ሽመል፦ የሣሮች ትልቁ

ኢትዮጵያ ሁለት የሀገር በቀል የቀርቀሃ ዝርያዎች አሏት። አንደኛው በደጋ የሚበቅለው፣ አገዳው ክፍት የሆነው ነው። ሁለተኛው በቆላ የሚበቅለውና በሳይንስ ስሙ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ የሚባለው ሽመል ነው። የሀገሪቱ ቀርቀሃ ለብዙ ዓመታት ሲገመት የኖረው በ1 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ሲሆን ከዚህ አብዛኛው የቆላው ሽመል ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ዋነኛ መኖሪያው ነው። የሽመል አገዳ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። ይህ ጥንካሬ በመላ ሀገሪቱ ከገበሬው እስከ ነጋዴው እጅ የሚገኝ በትር አድርጎታል።

በአሶሳ ዙሪያ አንድን ግቢ መዞር ሽመል ምን ምን እንደሚሠራ ለማየት ይበቃል። አጥሩ የተሰነጠቀ ሽመል ነው። የቤቱ ግድግዳ በሽመል ተጠላልፎ የተሠራ ነው፤ ማገሩም ሽመል ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመው ጎተራ፣ ርብራብ አልጋው፣ ምንጣፉ፣ የዶሮ ማደሪያው ሽመል ነው። ከዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎም ከሽመል ፍልጥ ተጠልፎ በሣር የተሸፈነ ነው፤ ክልሉ የሚታወቅበት ማር የሚወጣው ከዚያ ነው። በበዓል ቀን የሚነፉ የትንፋሽ መሣሪያዎችም ከዚሁ አገዳ ይቆረጣሉ።

ክረምት ሲገባ ሽመል ወደ ድስት ይገባል። ከሰኔ ጀምሮ ከመሬት የሚወጣው አዲስ ቡቃያ ገና ሳይጠነክር ይቆረጥና ሽፋኑ ተልጦ ይቀቀላል። መቀቀሉ ለማለስለስ ብቻ አይደለም፤ በቀርቀሃ ቡቃያ ውስጥ ያለው መራራና መርዛማ ንጥረ ነገር የሚወጣው በሙቀት ነው። በርታዎችና ጉሙዞች ይህን ምግብ የሚያገኙት ባለፈው ዓመት ጎተራ ባዶ ሊሆን በቀረበበት፣ አዲሱ አዝመራም ገና ባልደረሰበት ጊዜ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሆኖም እዚህ ላይ ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ክረምት ቡቃያ ከሦስት ዓመት በኋላ ለቤት የሚቆረጠው አገዳ ነው። ከአንድ ቁጥቋጦ ቡቃያውን ሁሉ የወሰደ ሰው ወደፊት የሚሠራውን አጥር በልቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከቁጥቋጦው የተወሰነውን ቆርጦ የቀረውን መተው፣ አገዳም ሲቆረጥ ከመሐል የበሰለውን መርጦ ከዳር ያለውን ማቆየት የአዋቂ ሰው ሥርዓት ነው።

ሽመል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ከዚያም ይሞታል። ይህም የሚሆነው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሲሆን በአንድ አካባቢ ያለው ሽመል በአንድነት ወይም በተቀራረበ ጊዜ ያብባል። በአሶሳ አካባቢም እንዲህ ያለ የጅምላ አበባና ድርቀት ደርሷል። አበባው በሽታ አይደለም፤ ዘር የሚጥልበትና ራሱን የሚተካበት መንገዱ ነው። አደጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመሬት ላይ የቆመው የደረቀ ሽመል ለእሳት ከፍተኛ ማገዶ ነው፤ ከዘር የወጣው ቀጭን ቡቃያ ደግሞ እሳትንና የከብት አፍን አይችልም። ያበበ ሽመል ያለበት ቦታ ለጥቂት ዓመታት ከእሳት፣ ከግጦሽና ከማረሻ ካልተጠበቀ «ደርቋል፣ እርሻ ይሁን» በሚል ፍርድ ለዘላለም ይጠፋል።

እሳቱ

በታኅሣሥና በጥር በምዕራቡ ቆላ ሰማዩ በጭስ ይሸፈናል። ከሳተላይት የሚታዩ ምስሎች ይህ ሰፊ የጫካና የሣር ምድር በአብዛኛው በየዓመቱ ወይም በየጥቂት ዓመቱ እንደሚቃጠል ያሳያሉ። ከደጋ የመጣ ሰው ይህን ሲያይ መደንገጡ አይቀርም። ነገር ግን ይህ ዕፅዋት ከእሳት ጋር አብሮ ያደገ ነው። የዛፎቹ ቅርፊት ወፍራም ነው። ሣሩም የሚያድግበት ዓይን ከመሬት አጠገብ ወይም ከመሬት በታች ስለሆነ ላዩ ቢቃጠልም ከሥሩ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢብ ፍሪስ፣ ፓውሎ ቫን ብሮይገል፣ ኦዲል ዌበርና ሰብስቤ ደምሰው ስለ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካማ ምድር ያሳተሙት ትልቅ ጥናትም እሳትን ከዚህ ዕፅዋት ታሪክ ነጥሎ አያየውም።

ነዋሪው እሳት የሚለቅበት ምክንያት ብዙ ነው፦ ለከብት አዲስ ለምለም ሣር እንዲወጣ፣ መንገድ እንዲገለጥ፣ እባብና መዥገር እንዲርቅ፣ ማሳ እንዲመነጠር፣ አደን እንዲቀና። ልዩነት የሚያመጣው ጊዜው ነው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፣ ሣሩ ግማሹ እርጥብ ሳለ የተለቀቀ እሳት እየተቆራረጠ ይሄዳል፤ ቶሎ ይጠፋል፤ ትላልቅ ዛፎችንም አይነካም። በየካቲት፣ ሁሉም ነገር ክው ብሎ በደረቀበት ወቅት የተነሣ እሳት ግን የሽመሉን ቁጥቋጦ፣ ቀፎውንና መንደሩን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የክዳን ሣራቸውን አስቀድመው ያጨዱ፣ በመንደራቸው ዙሪያ ሣሩን ገና በጊዜ ያቃጠሉ ሰዎች በኋላ ከሚመጣው ትልቅ እሳት ይድናሉ። እሳትን በጥቅሉ የሚከለክል መመሪያ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል፤ ቀደም ብሎ የሚለቀቀው ትንሽ እሳት ሲከለከል የሣር ማገዶ ተከማችቶ የኋለኛውን እሳት ያበረታል።

የማሽላ የዱር ዘመዶች

ከቤቱ ወደ ማሳው ሲወጣም ከሣር ቤተሰብ አይወጣም። የበርታና የጉሙዝ ዋና እህል ማሽላ ነው፤ ገንፎው ከማሽላ ዱቄት ይገነፋል፣ በባሚያ ወጥም ይበላል፤ ጠላውም ከማሽላና ከዳጉሳ ይጠመቃል። በማሳው ዳር፣ በጅረቱ ዳርና በመንገዱ ዳር ደግሞ ማሽላ የሚመስል፣ ግን ዘለላው የተበተነና ፍሬው ደቃቅ የሆነ ረጅም ሣር ይበቅላል። ይህ የዱር ማሽላ ነው። ከተዘራው የሚለየው ሲበስል ነው፦ የተዘራው ማሽላ ፍሬውን ይዞ አጫጁን ይጠብቃል፤ የዱሩ ግን ፍሬውን ራሱ ያረግፋል።

ይህ ልዩነት የሰው ልጅ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው። ከክልሉ በስተ ሰሜን፣ በምሥራቅ ሱዳን ቡታና በተባለው ሜዳ፣ የሸክላ ስብርባሪ ላይ የቀረ የማሽላ ቅርጽ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺህ ዓመት በዚያ የነበሩ ሰዎች ማሽላን ከዱር ወደ ማሳ እያመጡት ነበር። ከኢትዮጵያ ምዕራብ እስከ ሱዳን የተዘረጋው ይህ የሣር ምድር ዛሬ በዓለም ዙሪያ የብዙ ሚሊዮኖች ምግብ የሆነው እህል የተወለደበት አካባቢ ነው። የዳጉሳም የዱር ዘመድ በዳጉሳ ማሳ ውስጥ እንደ አረም ይበቅላል። የጤፍ የቅርብ ዘመድ የሆኑ ሣሮችም በየመንገዱ ዳር ይረገጣሉ።

እነዚህ የዱር ዘመዶች በሽታን፣ ድርቅንና ነፍሳትን የሚቋቋሙ ባሕርያትን ይዘዋል። ለወደፊት ዝርያ የሚያሻሽል ተመራማሪ የሚፈልገው እነዚህን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 የዘር ባንኳን ስታቋቁም ለአህጉሩ ቀዳሚ ሥራ ሠርታለች። ነገር ግን በባንክ የተቀመጠ ዘር ባለበት ይቆማል፤ በማሳ ዳር ያለው ግን ከአዲሱ በሽታና ከአዲሱ አየር ጋር እየታገለ በየዓመቱ ይለወጣል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ከወሎ የመጣ ዓይን

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በድርቅና በመንግሥት የሰፈራ መርሐ ግብር ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ አሶሳና ወደ መተከል መጡ። ይዘው ከመጡት ዕውቀት አንዱ የስፌት ሣር ዕውቀት ነው። በደጋና በወይና ደጋ ያደገች ሴት አክርማንና ስንደዶን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ክረምቱ ሲወጣ ከእኩዮቿ ጋር ትለቅማለች፤ ታደርቃለች፤ ከፊሉን ቀለም ነክራ አለላ ታደርጋለች፤ በወስፌ እየወጋች መሶብ፣ ሌማትና ሙዳይ ትሰፋለች። አክርማ ሥሩ ጠንካራ፣ ቅጠሉ ጠባብና የማይበጠስ ሣር ነው። በሬም ቢሆን ካልቸገረው አይበላውም። ይኸው ለከብት የማይመች ጥንካሬው ለመሶብ ዕድሜ ይሰጠዋል።

ወደ ቆላው የመጡት ሰፋሪዎች የሚያውቁትን ሣር ሁሉ በሄዱበት አላገኙም። ሰርዶውን አገኙት፤ ሰንበሌጡን ከለመዱት በላይ ረጅም ሆኖ አገኙት፤ ሽመልን ደግሞ ከነባሮቹ ነዋሪዎች መማር ነበረባቸው። ይህ መተያየትና መማማር በክልሉ ታሪክ ውስጥ ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈው ይበዛል። በርታው ለአዲሱ ጎረቤቱ የትኛው አገዳ ምስጥ እንደሚችል አሳይቷል፤ ወሎዬዋም በጓሮዋ ጠጅ ሣር ተክላ ግቢዋን በመዓዛው ሞልታለች። ሰዎች በአንድ ሀገር አብረው ሲኖሩ በመጀመሪያ ከሚያገናኟቸው ነገሮች አንዱ በእግራቸው ሥር ያለው ነው።

ስለ መድኃኒትነትም መባል ያለበት አለ። በአሶሳ ዞን በበርታ ሕዝብ ዘንድ የተደረገ የባህል መድኃኒት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። በእንዲህ ያሉ ጥናቶች በብዛት የሚታዩት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ቅጠላ ቅጠሎች ናቸው፤ የሣር ቤተሰብ ድርሻ አነስተኛ ነው። የሣር ትልቁ አገልግሎት በመጠለያ፣ በምግብና በዕቃ ነው። ይህን መናገር ሣርን አያሳንሰውም፤ ሥራውን በትክክል ያስቀምጠዋል።

እየቀነሰ ያለው

ይህ ሀብት በአሁኑ ጊዜ ከብዙ አቅጣጫ ጫና አለበት። ቆርቆሮ በየመንደሩ እየገባ ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። ቆርቆሮ አይቃጠልም፣ ምስጥ አይበላውም፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አይፈልግም። ቆላ ላይ ግን በቀን ቤቱን ያግለዋል፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ቆርቆሮ የሚገዛ ቤተሰብ መብቱ ነው፤ ግን ልጁ የክዳን ሣር መምረጥን ሳይማር ያድጋል።

የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በክልሉ ጉባ ወረዳ ሲጀመር ሀገር በአንድነት ቆሟል። ሐይቁ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ በዚህ ውኃ ሥር የገባው ምድር ሽመልና የሣር ሜዳ የነበረበት ነው። ግድቡ ለሀገር የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። በሐይቁ ዙሪያ የቀረውን ሽመል መጠበቅም ግድቡን መጠበቅ ነው፤ ሥሩ አፈር የሚይዝ፣ ደለል የሚያስቀር እርሱ ነውና። ሰፋፊ እርሻዎች መሬት ሲመነጥሩም በቅድሚያ የሚሄደው ሣሩ ነው። ከሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሸሽተው በሸርቆሌና በሌሎች መጠለያዎች የሚኖሩ ስደተኞች ቤታቸውን የሚሠሩት በዚሁ ሽመልና ሣር ነው፤ ከጫካው አቅም በላይ እንዳይቆረጥ አማራጭ የቤት መሥሪያ ሊቀርብላቸው ይገባል። በመተከልና በካማሺ ዞኖች በቅርብ ዓመታት በደረሰው ግጭት ብዙ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ሰው ከሜዳው ሲርቅ ዕውቀቱ አብሮት አይቀርም፤ የክዳን ሣር በመጠለያ ድንኳን ውስጥ አይማሩትም።

መመዝገብ፣ ማስተማር፣ ማማከር

መፍትሔው ከባድ መሣሪያ አይፈልግም። የሣር ናሙና መሰብሰብ ማንኛውም መምህርና ተማሪ የሚችለው ሥራ ነው። ሣሩ ከነሥሩና ከነዘለላው ይነቀላል። ረጅም ከሆነ ወደ ላይ ወደ ታች ታጥፎ በጋዜጣ መካከል ይደረጋል፤ ከባድ ነገር ተጭኖበት ይደርቃል። አጠገቡ ወረቀት ይቀመጣል፦ የተገኘበት ቀበሌ፣ ቀን፣ ከፍታ፣ አፈሩ፣ በበርታኛ ወይም በጉሙዝኛ ወይም በሺናሽኛ ወይም በማኦኛ ወይም በኮሞኛ ያለው ስም፣ የሚሠራበት ሥራና ይህን ያስረዳው ሰው። ከሁለት ናሙናዎች አንዱ በትምህርት ቤቱ ይቀራል፤ ሌላው ወደ ብሔራዊ ኸርባሪየም ይላካል። አሶሳ ዩኒቨርሲቲና የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ ከተማ አሉ፤ ክልላዊ የሣር ስብስብ ሊያቋቁሙና ከየወረዳው ትምህርት ቤት የሚመጣውን ሊመሩ ይችላሉ። ሳይንሳዊ ስሙ ዓለም እንዲያውቀው ያደርጋል፤ የመንደሩ ስም ደግሞ ሥራውን፣ ወቅቱንና ባለቤቱን ይዟል። መዝገቡ የሚሟላው ሁለቱም ሲጻፉበት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በመሬት ላይ ውሳኔ ሲሰጥ ነው። አንድ መሬት ለእርሻ ወይም ለሌላ ሥራ ከመሰጠቱ በፊት በላዩ ያለው ሽመል ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ሰንበሌጡን ማን እንደሚያጭደው፣ በየትኛው ወር የትኛው መንደር እንደሚጠቀምበት፣ የዱር ማሽላ የት እንደሚበቅል በነዋሪው አንደበትና ቋንቋ ተጽፎ ይቅረብ። ይህ ሰነድ ልማትን አያስቀርም፤ ሽመሉን ትቶ ከጎኑ ያለውን መሬት ለመምረጥ፣ የክዳን ሣር ሜዳውን ለመንደሩ ለማቆየት፣ የእህል የዱር ዘመዶችን ዳር ላይ ለመተው ያስችላል። የበርታና የጉሙዝ አዛውንቶች ይህን ዝርዝር በጭንቅላታቸው ይዘው ይኖራሉ። መንግሥትም ባለሀብትም ሊጠይቋቸው የሚገባው ውሉ ከተፈረመ በኋላ አይደለም፤ ከመፈረሙ በፊት ነው።